መኪና ውስጥ ስልክ፣ ታብሌትና ዳሽካም አስተማማኝ አድርጎ መትከልና ቻርጅ ማድረግ፦ ከሶኬቱ ተነስቶ እስከ ሆልደሩ

የስልክ መያዣው (ሆልደሩ) በሳምንቱ ይወድቃል፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ፐርሰንቱ ይቀንሳል፣ ኬብሉ ማርሹ ላይ ይጠመጠማል። ሰው ሁሉ የሚቸገረው በነዚህ ሶስት ነገሮች ነው፣ እና ሶስቱም የሚመጡት ስራውን ከጭራው ከመጀመር ነው። ሆልደሩ መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ከዛ ነው ኬብሉ በየት በኩል ይምጣ፣ ቻርጀሩስ ይችለዋል ወይ የሚባለው። እናንተ ገልብጡት። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ቁጠሩ፣ ቀጥሎ የኬብሉን መንገድ ያዙ፣ ሆልደሩን መጨረሻ ላይ ለጥፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይውጣ። እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦ የእጅ ባትሪ፣ አልኮል (መድሃኒት ቤት የሚሸጠው ቁስል መጥረጊያው ይሆናል)፣ ሁለት ንጹህ ጨርቅ፣ በቀላሉ የሚነቀል የወረቀት ፕላስተር፣ የኬብል ማሰሪያና፣ ካገኛችሁ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)። ቴስተር ባይኖርም የስልክና የታብሌት ስራ ይሰራል፣ ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጸውን ካሜራ) ከፊውዝ ልታገናኙ ከሆነ ግን ያለ ቴስተር አትንኩት።

ደረጃ 1፦ ስንት ዋት እንደሚያስፈልግ ቁጠሩ

ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው፣ ሌላ ሂሳብ የለውም። ብዙ መኪና ላይ ከሬዲዮው ጋር አብሮ የሚመጣው ዩኤስቢ የተሰራው ሙዚቃ ከፍላሽ ለማንበብ ነው እንጂ ለቻርጅ አይደለም፣ የሚሰጠው 5 ቮልት በ0.5 አምፒር ነው፣ ይሄ 2.5 ዋት ማለት ነው። አሁን ስልካችሁ ማፕ ከፍቶ፣ ስክሪኑ ሙሉ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ ዳታና ጂፒኤስ እየሰራ ከዛ በላይ ይበላል። ስለዚ የቻርጅ ምልክቱ ይታያል፣ ፐርሰንቱ ግን ይወርዳል። ስልኩም ኬብሉም አልተበላሸም፣ የሚገባው ከሚወጣው አንሶ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ባትሪ ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

በግምት እንዲህ ያዙት፦

- ስልክ ማፕ እያሳየ፣ እንዳይቀንስ ብቻ፦ 12 ዋት (5 ቮልት በ2.4 አምፒር)
- ስልክ ማፕ እያሳየ፣ እንዲጨምርም፦ ከ18 እስከ 20 ዋት
- ታብሌት፦ ከ18 እስከ 30 ዋት
- ዳሽካም፦ ከ5 እስከ 10 ዋት
- ላፕቶፕ፦ ከ45 እስከ 65 ዋት፣ ትልልቆቹ ከዛም በላይ

ቻርጀር ስትገዙ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። "38 ዋት" የሚለው የሁለቱ ቀዳዳ ድምር ሊሆን ይችላል። አገላብጣችሁ በጥቃቅን የተጻፈውን አንብቡ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው ስንት እንደሚሰጥ፣ ሁለቱም ሲሰካ ደግሞ ወደ ስንት እንደሚወርድ እዛ ላይ አለ። ፈጣን ቻርጅ ደሞ ቋንቋ አለው፤ ስልኩ የሚያውቀው ፒዲ የሚባለውን የፈጣን ቻርጅ ዘዴ ሆኖ ቻርጀሩ የሚያውቀው ሌላ ከሆነ አይግባቡም፣ ወደ ተራው 5 ቮልት ይመለሳሉ። አዲስ የሚገዛ ሰው ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ፒዲ ቻርጀር ቢይዝ ለአብዛኛው ስልክ፣ አይፎንም ጭምር፣ ይሆናል።

ኬብሉን አትናቁ። ተራ የታይፕ ሲ ኬብል 3 አምፒር ነው የሚችለው፣ ይሄ በ20 ቮልት 60 ዋት ድረስ ነው። ከዛ በላይ የሚፈልግ ላፕቶፕ ውስጡ ቺፕ ያለው ባለ 5 አምፒር ኬብል ያስፈልገዋል። ቀጭንና ረጅም ኬብል ደግሞ መንገድ ላይ ቮልቱን ይበላዋል፣ ስለዚ 1 ሜትር ከበቃችሁ 2 ሜትር አትግዙ።

ደረጃ 2፦ ሶኬቱን ፈትሹ

የሲጋራ መለኮሻ የሚባለው ባለ 12 ቮልት ሶኬት ነው የስራው መሰረት፣ ሰው ግን አይቶት አያውቅም።

1. በእጅ ባትሪ ውስጡን አብሩበት። ሳንቲም፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የሚያብለጨልጭ ፎይል ካለ ቁልፉ መውጣቱን አረጋግጡና በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ነገር አውጡት። ብረት እንዳታስገቡ። መሃሉ ላይ ያለው ነጥብ ፖዘቲቭ ነው፣ ዙሪያው በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ሁለቱን አንድ ብረት ከነካቸው ፊውዙ ይሄዳል።
2. ጎኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አመድና አቧራ ካለ ቻርጀሩ አንዴ ይሰራል አንዴ ይቆማል።
3. ሶኬቱ ከቁልፉ ጋር መጥፋቱን እዩ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ መኪናውን አጥፉና በሩን ዘግታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ምክንያቱም አንዳንድ መኪና ቆይቶ ነው የሚያጠፋው። መብራቱ አሁንም ካለ ሶኬቱ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው ማለት ነው፣ ስለዚ ስትወርዱ መንቀል ልማድ ይሁን።
4. ቴስተር ካለ ለኩት። ሞተር ጠፍቶ ደህና ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል፣ ሞተር ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.7 አካባቢ ይወጣል። ሞተር ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ ችግሩ የዲናሞ ነው፣ ቻርጀር መግዛት አይፈታውም።
5. ከባድ መኪና ወይም አውቶብስ ከሆነ ሲስተሙ 24 ቮልት ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩ ላይ "12–24 ቮልት" የሚል ከሌለ አትሰኩት።

አሁን ቻርጀሩን ሰኩና በጣታችሁ ወዝወዝ አድርጉት። የሚላላ ከሆነ አትጠቀሙበት። አንድ ጊዜ በረጅም መንገድ ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ መጀመሪያ ከውጪ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ቆሜ ቻርጀሩን ስነቅለው ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ብረት ዙሪያዋ ቡናማ ቀለበት ሰርቷል፣ ላስቲኩ እንደ ሰም ተጨማዶ ወደ ጎን ዘምሟል። ቻርጀሩ የጫንኩበት ስልክ አንድ ብቻ ነበር፣ ጭነት አልበዛበትም። መንገዱ ጉድጓድ ባለው ቁጥር ጫፉ እየተነሳ ሲመለስ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጠራል፣ የሚያግለው እሱ ነው። ስለዚ አዲስ ቻርጀር ከሰካችሁ በኋላ 20 ደቂቃ ነድታችሁ፣ ቆማችሁ ንኩት። ለብ ማለት ደህና ነው። ጣት አስቀምጦ መቆየት ካልተቻለ ግን ነቅላችሁ ተዉት።

ሶኬቱ ጭራሽ ካልሰራ

ፊውዙን እዩ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ወይም የመኪናው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ቀለሙ ቁጥሩን ይነግራችኋል፦ ቀይ 10 አምፒር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። ውስጡ ያለችው ክር ከተበጠሰች በዛው ቁጥር ቀይሩ። "ትልቅ ካደረግኩት አይቃጠልም" ብላችሁ በ15ቱ ቦታ 30 እንዳትከቱ፣ እባካችሁ። ፊውዙ የተመደበው ሽቦው በሚችለው ልክ ነው፣ ፊውዙ ካልተበጠሰ የሚቀልጠው ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፣ እሳት የሚነሳውም እንደዛ ነው። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተበጠሰ ሁለተኛ አትሞክሩ፣ ሾርት አለ ማለት ነው፣ የመኪና ኤሌክትሪሻን ይየው።

የ15 አምፒር ፊውዝ ያለው ሶኬት በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት ነው፣ የ10ሩ 120 ዋት። ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ብትሰኩም ድምሩ ከዛ አያልፍም።

ደረጃ 3፦ የኬብሉን መንገድ ያዙ

ሆልደሩን ገና አትለጥፉ። ኬብሉን ከሶኬቱ እስከምታስቡት ቦታ በእጃችሁ ዘርጉትና በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ያዙት። ከዛ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን መልሳችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ መቀመጫውን ወደፊትና ወደኋላ ግፉ። ኬብሉ አንዱም ጋር ከተወጠረ ወይም ከተቆነጠጠ መንገዱን ቀይሩ።

ኬብል ፈጽሞ የማይሄድባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ የሾፌሩ እግር ስር ነው፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን አጠገብ የሚንጠለጠል ምንም ነገር መኖር የለበትም። ሁለተኛው የኤር ባግ ክዳን ላይ ነው። ከፊት መስታወቱ ጎንና ጎን ያለው ምሰሶ ላይ "ኤር ባግ" የሚል ጽሁፍ ካያችሁ መጋረጃ የሚመስለው ኤር ባግ ከዛ ነው የሚወርደው፣ ኬብል ከፊቱ ካለፈ ወይ አወራረዱን ያበላሻል ወይ ኬብሉ ራሱ ተወርውሮ ሰው ይመታል።

የተረፈውን ኬብል ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልላችሁ እሰሩት። አጥፋችሁ አትጨቁኑት፣ ውስጡ ያለው ሽቦ የሚሰበረው እጥፋቱ ላይ ነው። ስልኩ ጋር ሲደርስ አንድ ጣት የምታስገባ ያህል ልቅ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ምረጡ

እንደምትነዱበት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ቀበቶ እሰሩ። ሌላ ሰው ስልኩን እየያዘ ያንቀሳቅስላችሁ፣ ሰው ከሌለ በፕላስተር ለጊዜው ያዙት። የምትፈልጉት ቦታ ዓይናችሁ ከመንገዱ ትንሽ ብቻ ወርዶ የሚያየው፣ ራሳችሁን ሳታዞሩ ማለት ነው፣ ግን ደግሞ መንገዱን የማይከልል ነው። ብዙ ጊዜ ይሄ ከመሪው ጎን፣ ዳሽቦርዱ መሃል ዝቅ ያለው ቦታ ነው። መስታወት ላይ ከሆነ ወደ ታችኛው ጥግ ይውረድ። መስታወት ላይ መለጠፍን የሚከለክል ህግ ያላቸው አገሮች ስላሉ የናንተን እወቁ።

የተሳፋሪው ፊት ያለው የዳሽቦርድ ጀርባ ላይ ምንም አትትከሉ። ኤር ባጉ ከዛ ነው የሚወጣው፣ የሚነፋውም ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ነው፣ ፊቱ ያገኘውን ሆልደር ወደ ሰው ፊት ይወረውረዋል። የመሪው መሃል ላይ የሚታሰር ሆልደርም ይሸጣል፣ አትግዙት፣ ምክንያቱ ያው ነው።

ሃዛርድ ማብሪያው፣ ኤሲውና የሬዲዮው ቁልፍ እንዳይሸፈኑም እዩ። ሃዛርድ የምትፈልጉት በድንገት ነው፣ ያኔ ስልክ ስር መፈለግ አይመችም።

ደረጃ 5፦ ለጥፉ ወይም እሰሩ

ባለ ቫኪዩም ጎማ ከሆነ። የመስታወቱን ቦታ በአልኮል ጥረጉ፣ በሁለተኛው ጨርቅ አድርቁ፣ ከዛ በኋላ በጣት አትንኩት፣ የጣት ቅባት ይበቃዋል ለመላላት። ጎማውንም ጥረጉ። ብርድ ከሆነ መስታወቱን በመኪናው ማሞቂያ ለብ አድርጉት። አስቀምጡ፣ መሃሉን ጫኑ፣ እንደጫናችሁ መቆለፊያውን ዝጉ። ስልክ ሳታስቀምጡ ለ1 ሰዓት ተዉት። ዳሽቦርድ ላይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ዳሽቦርድ እንደ ቆዳ ሸካራ ነው፣ አየር በሸካራው ስር ስለሚገባ ጎማው አይዝም፣ አብሮት የሚመጣውን ክብ ፕላስቲክ መጀመሪያ ለጥፋችሁ እሱ ላይ አድርጉት።

ማጣበቂያ ያለው ከሆነ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ምክንያቱም እንደለጠፈ ስልኩን ይሰቅላል። ማጣበቂያው ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ እያለ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያብለጨልጭ ቅባት ተቀብቶ ከሆነ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዛ በአልኮል ጥረጉ፣ ቅባት ባለበት ምንም አይዝም። ወረቀቱን ላጡ፣ አንዴ አስቀምጡ (አንስቶ መመለስ የለም)፣ ለ30 ሰከንድ አጥብቃችሁ ጫኑ፣ 24 ሰዓት ባዶውን ይቆይ።

የኤሲ መውጫ ላይ የሚቆነጠጥ ከሆነ። በሙቀት ጊዜ ጥሩ ነው፣ ቀዝቃዛው አየር ስልኩን ያበርደዋል። ማሞቂያ ስትከፍቱ ግን ያንን መውጫ ዝጉት፣ ካልሆነ ስልኩን ትጠብሱታላችሁ። ቀጫጭኖቹ ክንፎች ከባድ ስልክ አይችሉም፣ ከታች ድጋፍ ያለውን ምረጡ። ክብ መውጫ ላይ ብዙዎቹ አይሆኑም።

ማግኔት ከሆነ። ብረቷን ከስልኩ ጀርባ ስትለጥፉ የዋየርለስ ቻርጅ ቦታው ላይ እንዳትሆን፣ እሷ ካለች ዋየርለሱ አይሰራም፣ ብረቷም ትግላለች። ማግኔቱ ከስልኩ ጋር አብሮ የተሰራ ከሆነ ብረት አያስፈልግም። የባንክ ካርድ ከኋላው አትያዙ።

ከለጠፋችሁ በኋላ ስልኩን አድርጋችሁ በእጅ ወደ ታችም ወደ ጎንም ሳቡት። ከዛ ጸጥ ባለ ቦታ በቀስታ ነድታችሁ ፍሬን ያዙ፣ ጉድጓድ እለፉ። በመንገድ ላይ ከወደቀ ግን አትጎንበሱ። ዳር ያዙ፣ ቁሙ፣ ከዛ አንሱት። ፔዳል ስር ከገባ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት መውጣት አለበት።

ደረጃ 6፦ ሙቀቱን ተቆጣጠሩ

የስልክ ባትሪ ሲግል ስልኩ ራሱ ቻርጁን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ለአይፎን የተቀመጠው የመጠቀሚያ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድ ደግሞ ከዛ በጣም ይበልጣል። ዋየርለስ ቻርጅ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚፈጥር ማፕ፣ ፀሐይና ዋየርለስ አንድ ላይ ከሆኑ ቻርጁ መቆሙ አይቀርም። መፍትሄው፦ ወደ ኬብል ቀይሩ፣ ወፍራም ከቨሩን አውልቁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ የኤሲ አየር ወደሱ አዙሩ። የጋለ ስልክ ፍሪጅ ወይም በረዶ ውስጥ አትክተቱ፣ ውስጡ እርጥበት ይፈጠራል። ፓወር ባንክ ደግሞ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድ በፍጹም አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ዳሽካም ከፊውዝ ሳጥን ማገናኘት

ሶኬት ላይ ብትሰኩት ይበቃችኋል ከሆነ ይሄን ዝለሉት። መኪናው ቆሞም እንዲቀርጽ ከፈለጋችሁ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

1. ለዳሽካሙ የተሰራውን ማገናኛ ኪት ግዙ፣ 12ቱን ቮልት ወደ 5 የሚያወርደው እሱ ነው። ሶስት ሽቦ አለው፦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው፣ ከቁልፍ ጋር የሚበራውና ማሳው (ኔጌቲቩ)። የትኛው የቱ እንደሆነ ሽቦው ላይ ከተጻፈው አንብቡ፣ ቀለም ብቻ አይታመንም።
2. የኤር ባግ፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዝ አትንኩ። ለሁልጊዜው የውስጥ መብራቱን፣ ከቁልፍ ጋር ለሚበራው የሲጋራ መለኮሻውን የመሰለ ምረጡ፣ በቴስተር አረጋግጡ።
3. ፊውዙን ነቅላችሁ (ከቁልፍ ጋር ለሚበራው ቁልፉን ከፍታችሁ) ሁለቱን ቀዳዳ ለኩ፣ አንዱ ኤሌክትሪክ አለው አንዱ የለውም። የፊውዝ ታፑ (ፊውዙ ቦታ ገብቶ ተጨማሪ ሽቦ የሚያወጣው ማገናኛ) ሽቦ የሚወጣበት ጎን ኤሌክትሪክ ወደሌለው ይዙር። ነባሩን ፊውዝ ታፑ ላይ መልሱ፣ ለካሜራው ኪቱ የሚለውን ትንሽ ፊውዝ ጨምሩ።
4. ትክክል መግባቱን እንዲህ ፈትሹ፦ ነባሩን ፊውዝ ብቻ ከታፑ ንቀሉት። ካሜራው አሁንም ኤሌክትሪክ ካገኘ ትክክል ነው። ከጠፋ ገልብጡት፣ የሁለቱም ጭነት በአንዱ ፊውዝ እያለፈ ነበር።
5. ማሳውን ቀለም የሌለበት ባዶ ብረት የነካ ብሎን ስር እሰሩት።
6. ኪቱ የሚቆርጥበትን ቮልት ከ12.2 በታች አታድርጉ፣ ባትሪው ያረጀ ከሆነ 12.4 ይሁን።

ስድስተኛው ለምን እንደሆነ በቁጥር እዩት። ባትሪው 60 አምፒር ሰዓት ቢሆንና ካሜራው በቆመበት 0.4 አምፒር ቢወስድ በቀን 9.6 ይበላል፣ በሶስት ቀን ወደ 29፣ ይሄ የባትሪው ግማሽ ነው። ተራ የመኪና ባትሪ ግማሹ ድረስ ደጋግሞ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል።

ካሜራውን ከስፖኪዮው ጀርባ፣ መጥረጊያው የሚደርስበት ላይ አድርጉት። መኪናው ራሱ እዛ ካሜራ ወይም ሴንሰር ካለው አትሸፍኑት።

ደረጃ 8፦ ላፕቶፕና የኋላ ታብሌት

ላፕቶፑ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ 65 ዋት የሚሰጥ የመኪና ቻርጀር ግዙ፣ ኢንቨርተር (የመኪናውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) አያስፈልግም። ካልሆነ፣ ሶኬቱ የ15 አምፒር ፊውዝ ካለው፣ 150 ዋት ድረስ ያለ ኢንቨርተር ከሶኬቱ ይሰራል፣ ሞተሩ ተነስቶ። 300 ዋት የሚጎትት ኢንቨርተር ከ25 አምፒር በላይ ይፈልጋል፣ ሶኬቱ አይችለውም፣ በወፍራም ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ ነው የሚገናኘው፣ ፊውዙም ለባትሪው ፖዘቲቭ በጣም ቅርብ መሆን አለበት። ይሄንን ለባለሙያ ስጡት።

የኋላ ታብሌት ከፊት መቀመጫው ራስ መደገፊያ ሁለት ብረቶች ጋር በብሎን የሚታሰር ሆልደር ይሁን። ልጅ እጅ ላይ ያለ ወይም በላስቲክ ብቻ የተያዘ ታብሌት ድንገት ፍሬን ሲያዝ ይወረወራል።

ከተከላችሁ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

*ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ደጋግሞ "ተሰካ፣ ተነቀለ" ይላል።* መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፣ ቀጥሎ የስልኩን ቀዳዳ በእጅ ባትሪ እዩ፣ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ታገኛላችሁ፣ በእንጨት መጎርጎሪያ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ከዛ ነው ወደ ሶኬቱ የምትሄዱት።

*ሞተር ስታስነሱ ቻርጀሩ ጠፍቶ ይበራል።* ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ለአፍታ ስለሚወርድ ነው፣ ጤናማ ነው። ካሜራው በየጊዜው ሰዓቱን ከረሳ ግን የራሱ ትንሽ ባትሪ ደክሟል።

*ቫኪዩሙ በየማለዳው ወድቆ ይገኛል።* ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎማው ይሰበሰባል። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፣ ጠርዙ ከተሰነጠቀ ግን ቀይሩት።

*ቻርጀሩ ሲሰካ ሬዲዮው ይንሾካሾካል።* ርካሽ ቻርጀር የኤፍኤም ጣቢያ ይረብሻል። ንቀሉት፣ ድምጹ ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው። ኬብሉ ላይ የሚቆለፍ ፌራይት ቀለበት (ረብሻውን የሚቀንስ) ሞክሩ፣ ኬብሉን ከአንቴናው ሽቦ አርቁት፣ እንደዛም ካልሆነ ቻርጀሩን ቀይሩ። የኋላ ካሜራችሁ ምስልም በዚሁ ጊዜ መስመር መስመር እየሰራ ከነበረ አብሮ ሊስተካከል ይችላል።